የጌም ማሽን ሠሪዎች በራቸውን ለምን ይቆልፋሉ?



የዛሬው ርእሳችን ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ጉዳይ ይመስላል። የምናወራው ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስ፣ ኔንቴንዶ ስለሚባሉት የጌም ማሽኖች ነው። ከመካከላችሁ ወላጅ የሆናችሁ፣ ከነዚህ አንዱን ለማስጠፋት ስትጨቃጨቁ ቆይታችሁ የመጣችሁ ትኖሩ ይሆናል። ጥያቄው ግን የአዋቂ ጥያቄ ነው። ገንዘቤን ከፍዬ በገዛሁት ማሽን ላይ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ሌላ ሰው የሚወስንልኝ ለምንድን ነው?

ነገሩን ግልጽ ላድርገው። ፕሌይስቴሽን 5ም ሆነ አዲሱ ኤክስቦክስ አንጎላቸው ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ፕሮሰሰር ነው፤ በብዙ ተራ ኮምፒውተሮች ውስጥ የምናገኘው ፕሮሰሰር የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጎረምሳ ማታ ጌም ጽፎ ጠዋት ለጓደኞቹ ቢያድል ማንም ፈቃድ አይጠይቀውም። በፕሌይስቴሽኑ ላይ ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። የማሽኑ ባለቤት ሶኒ ዘንድ ይመዘገባል፣ የምስጢር ውል ይፈርማል፣ ለጌም ሠሪዎች ብቻ የሚሰጠውን ልዩ ማሽን ያገኛል፣ ሥራውን ለፍተሻ ያቀርባል፤ ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላም ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ ይከፍላል። ማሽኑ አቅም አንሶት አይደለም፤ እንዲህ ሆኖ እንዲሠራ ተወስኖ ነው።

የማሽኑን ሠሪዎች ምክንያቱን ብትጠይቋቸው ለጥራት፣ ለደኅንነት፣ ለተጫዋቹ ጥቅም ይሏችኋል። ውሸታቸውን ነው አልልም። ግን በዘመነ መሳፍንት ቅፍለት ይዞ የሚጓዝ ነጋዴ በየገዢው ኬላ እየቆመ ቀረጥ ይከፍል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የኬላው ጌታ መንገዱን ከሽፍታ እጠብቃለሁ ይል ነበር፤ አንዳንዴም ይጠብቅ ነበር። ኬላው የቆመው ግን ለቀረጡ ነው። የጌም ማሽኑ መቆለፊያም እንደዚያ ነው የሚል ክርክር ይዤ መጥቻለሁ። ታሪኩ የአሜሪካና የጃፓን ስለሆነ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1977 አታሪ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ፣ በኋላ አታሪ 2600 ተብሎ የታወቀውን ማሽን አወጣ። ቤተሰቡ ማሽኑን አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ ጌሙ የተጫነባቸውን ካርትሪጆች እየገዛ ይሰካበታል። በማሽኑ ላይ ምንም መቆለፊያ አልነበረም። አታሪ ቸር ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ከራሱ ሌላ ለዚህ ማሽን ጌም የሚሠራ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ማሽኑ የነበረው የሥራ ማኅደረ ትውስታ 128 ባይት ነበር። ዛሬ አንድ አጭር የስልክ መልእክት ከዚያ በላይ ቦታ ሊይዝ ይችላል። በዚያች ጠባብ ቦታ ጌም መጻፍ የሚችሉት የአታሪ የራሱ ባለሙያዎች ነበሩ።

ከነዚህ መካከል ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አለን ሚለርና ቦብ ኋይትሄድ ይገኙ ነበር። የጻፏቸው ጌሞች ለኩባንያው በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያስገባሉ፤ እነሱ ደመወዛቸውን ይቀበላሉ፤ ስማቸው የትም አይጻፍም። ጭማሪና ምስጋና ፈልገው ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሬይ ካሳር ሄዱ። ካሳር ከጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ የመጡ ሰው ነበሩ። ክሬን በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ያገኙት መልስ ካርትሪጁን በፋብሪካ ከሚገጣጥመው ሠራተኛ አትበልጡም የሚል ነበር። አራቱም ለቀቁ። በ1979 ከጂም ሌቪ ጋር ሆነው አክቲቪዥንን አቋቋሙ። በሌላ ኩባንያ ማሽን ላይ የሚሠራ ጌም ለመሸጥ የተመሠረተ የመጀመሪያው ኩባንያ ይህ ነው። አለን ሚለርና ቦብ ኋይትሄድ የሚሉትን ስሞች ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

አታሪ በ1980 ከሰሳቸው። ክሱ በ1982 በስምምነት ሲያልቅ አክቲቪዥን ድርሻ እየከፈለ ሥራውን ቀጠለ፤ በዚያው ዓመት ያወጣው ፒትፎል የተባለ ጌም ከአራት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ይህን ያየ ሁሉ ተንጋግቶ ገባ። አጃ በመሸጥ የሚታወቀው ኩዌከር ኦትስ ሳይቀር የጌም ኩባንያ ገዛ። ራልስተን ፑሪና የውሻ ምግቡን ለማስተዋወቅ ጌም አሠራ። የመደብሮች መደርደሪያ ሞልቶ ፈሰሰ። አዳዲሶቹ ኩባንያዎች ሲከስሩ ያልተሸጠውን ዕቃ መልሶ የሚወስድ ጠፋ፤ ባለሱቁም ለመገላገል ሲል ዋጋውን አወረደው። አምስት ዶላር የማይሞላ ጌም በቅርጫት ተከምሮ እያየ በ30 ዶላር አዲስ የሚገዛ አልነበረም። በ1983 ከሦስት ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው የአሜሪካ የቤት ጌም ገበያ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ወረደ።

የኢንዱስትሪው ሰዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩት እዚህ ላይ ያቆማሉ። በሩ ክፍት ስለነበር ማንም ገባ፣ ማንም ስለገባ ቆሻሻ በዛ፣ ቆሻሻ ስለበዛ ገበያው ሞተ ይላሉ። ጥሩ ተረት ነው፤ ግማሹን ግን ዘሎታል። የዚያን ዘመን ሁለት ዝነኛ ውድቀቶች ተመልከቱ። አንደኛው በ1982 የወጣው የአታሪ ፓክማን ነው፤ ኩባንያው ወደ 12 ሚሊዮን ካርትሪጅ አምርቶ ብዙ ሚሊዮኑ ሳይሸጥ ቀረ። ሁለተኛው በስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም ስም የተሠራው ኢቲ ነው። ለገና ገበያ እንዲደርስ ተብሎ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾው የተባለው ፕሮግራመር በአምስት ሳምንት ገደማ ጨርሶ አስረከበው። ያልተሸጠው በ1983 በኒው ሜክሲኮ በረሃ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ከሌላ ዕቃ ጋር በቆሻሻ መጣያ ተቀበረ፤ በ2014 ተቆፍሮ ሲወጣ ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ሁለቱንም ጌሞች የሠራው አታሪ ራሱ ነው። በዓለም ላይ ያለ መቆለፊያ ሁሉ ቢገጠም አያስቆማቸውም ነበር፤ ቁልፉ በአታሪ እጅ ነዋ! ከውጭ ከገቡት ሁሉ አስቀድሞ የተከሰሰው አክቲቪዥን ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ጌም የሚሠራው ነበር።

ከዚህ ፍርስራሽ ላይ የተነሣው ኔንቴንዶ ነው። ኩባንያው በ1889 በኪዮቶ የተመሠረተው የካርታ መጫወቻ ለመሥራት ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሂሮሺ ያማውቺ በ1949 ሥልጣን ይዘው እስከ 2002 ያልለቀቁ፣ በቀላሉ የማይታለሉ ነጋዴ ነበሩ። በ1983 በጃፓን ያወጡት ፋሚኮም የተባለው ማሽን መቆለፊያ አልነበረውም። በ1985 መገባደጃ ያንኑ ማሽን ስሙንና መልኩን ቀይረው ወደ ኒውዮርክ ሲልኩት ግን አንዲት ትንሽ ቺፕ ጨመሩበት።

የቺፗ አሠራር ውብ ነው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። አንዷ በማሽኑ ውስጥ ትቀመጣለች፤ መንትያዋ በእያንዳንዱ ካርትሪጅ ውስጥ። ማሽኑ ሲበራ ሁለቱ ተመሳሳይ ስሌት በአንድ ምት እያሰሉ መልሳቸውን ያስተያያሉ። ከተስማሙ ጌሙ ይቀጥላል። ከካርትሪጁ በኩል መልስ ከጠፋ ወይም ከተሳሳተ፣ የማሽኑ ቺፕ በየሰከንዱ ገደማ ማሽኑን እንደ አዲስ ያስነሣዋል፤ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ከማለት አያልፍም። ነገሩ ያለፈቃድ የሚሠሩትን ለማገድ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚቀጣው ታማኙን ደንበኛ ነበር። የካርትሪጁ ማያያዣ ትንሽ አቧራ ሲይዘው ቺፖቹ መነጋገር ያቅታቸዋል፤ ሕጋዊው ጌም እንደ ሌባ ይታገዳል። የዚያ ዘመን አሜሪካዊ ልጅ ሁሉ ካርትሪጁን አውጥቶ እፍ እያለ ያደገው በዚህ የተነሣ ነው።

ቺፗን የሚሠራው ኔንቴንዶ ብቻ ስለሆነ፣ ለማሽኑ ጌም መሥራት የፈለገ ሁሉ በኔንቴንዶ ደጅ ማለፍ ግዴታው ሆነ። በደጁ የሚጠብቀው ውል እንዲህ ነበር። አንድ አሳታሚ በዓመት ከአምስት ጌም በላይ አያወጣም። የወጣው ጌም ለሁለት ዓመት በሌላ ማሽን ላይ አይታይም። ካርትሪጁን የሚያመርተው ኔንቴንዶ ራሱ ነው፤ አሳታሚው በሺዎች የሚቆጠር ቅጂ በአንድ ጊዜ ያዝዛል፤ ሒሳቡን ቀድሞ ይከፍላል። የጌሙ ይዘት በኔንቴንዶ ይታያል፤ የማይወደው ይወጣል። ይህ ሁሉ ሲሟላ በሣጥኑ ላይ ወርቃማው የጥራት ማኅተም ይታተማል።

እስቲ ከነዚህ ቃላት ውስጥ ስንቱ ስለ ጥራት እንደሆነ አብረን እንይ። የአምስት ጌም ገደቡ ገበያው እንዳይጥለቀለቅ ይረዳል፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን አንድ አሳታሚ አሥር ጥሩ ጌም ቢኖረውስ? ኮናሚ በዚህ ጥያቄ ተቸግሮ አልትራ ጌምስ የሚል ሁለተኛ ኩባንያ በአሜሪካ አቋቋመና በሁለት ስም መሸጥ ጀመረ። ኔንቴንዶም ፈቀደለት። ገደቡ የጥራት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ስም በመቀየር አይታለፍም ነበር። የሁለት ዓመት እገዳው ከጥራት ጋር ምንም አይገናኝም፤ ሴጋና ሌሎች ተወዳዳሪዎች ጌም እንዲያጡ የታሰበ ነው። ቅድሚያ ክፍያው ደግሞ ከሁሉ የረቀቀው ነው። ጌሙ ተሸጠም አልተሸጠ ኔንቴንዶ ካርትሪጁን በማምረት ትርፉን አግኝቷል፤ ኪሳራ ቢመጣ የሚሸከመው አሳታሚው ነው። አታሪን የገደለው ያልተሸጠ ክምችት ነበር። ኔንቴንዶ ክምችቱን አላጠፋውም፤ ወደ ሌላ ሰው ጫንቃ አዛወረው።

በመቆለፊያው ላይ ከተነሡት አመፆች ሁለቱን ልንገራችሁ፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ1992፣ በአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች እልባት ያገኙ ናቸው።

የመጀመሪያው የአታሪ ጌምስ ነው። የድሮው አታሪ በ1984 ሲከፈል የአዳራሽ ጌሞችን የያዘው ወገን ነው፤ የቤት ጌም የሚሸጠው ቴንጄን በሚል ስም ነበር። መሐንዲሶቹ የኔንቴንዶን ቺፕ በላብራቶሪ ሊፈቱ ሞክረው አልሆነላቸውም። ያኔ ጠበቆቻቸው ወደ አሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ሄዱና፣ ኔንቴንዶ ከሶናል፣ ራሳችንን ለመከላከል የቺፗ ፕሮግራም ቅጂ ያስፈልገናል አሉ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ክስ አልነበረም። ቢሮው ሰጣቸው። በዚያ ተመርተው የራሳቸውን ቺፕ ሠሩ፤ ራቢት፣ ጥንቸል ብለውም ሰየሟት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ ያሉት ነገር ልብ ይባል፤ አንድን ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት መፍታት በራሱ ጥፋት ላይሆን ይችላል፣ በማታለል ያገኛችሁት ቅጂ ግን አያድናችሁም አሏቸው። ቴንጄን የተረታው በሩን ስለከፈተ ሳይሆን ቁልፉን ስለሰረቀ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ላይ ስሞቹን እንዲያዙልኝ የጠየቅኋችሁ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። አለን ሚለርና ቦብ ኋይትሄድ ከአክቲቪዥንም ወጥተው በ1984 አኮሌድ የሚባል ኩባንያ መሥርተው ነበር። አኮሌድ ለሴጋ ጄኔሲስ ማሽን ጌም ለመሥራት ፈለገ፤ ፈቃድም ጠየቀ። ሴጋ ያቀረበው ውል ግን የአኮሌድን ጌሞች ሁሉ የሚያመርተው ሴጋ ብቻ እንዲሆን የሚጠይቅ ስለነበር ተዉት። ማሽኑን ገዝተው፣ የሴጋን ካርትሪጆች በኮምፒውተር ፈትተው፣ ሁሉም የሚጋሩትን ነገር ነጥለው የራሳቸውን ጌም ጻፉ። ሴጋ ቀጥሎ ባወጣው ማሽን ላይ አዲስ ብልሃት ጨመረ። ማሽኑ በካርትሪጁ ውስጥ በተወሰነ ቦታ ላይ ሴጋ የሚሉትን አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይፈልጋል፤ ካገኘ ጌሙ በሴጋ ፈቃድ የተሠራ ነው የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ያወጣል። አኮሌድ ፊደላቱን ካልጻፈ ጌሙ አይነሣም፤ ከጻፈ ደግሞ ያለ ፈቃድ የንግድ ምልክት ተጠቅመሃል ተብሎ ይከሰሳል። ወጥመዱ ከሁለቱም በኩል የተዘጋ ነበር።

የመጀመሪያው ዳኛ ለሴጋ ፈረደ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን ገለበጠው። ከማሽኑ ጋር የሚሠራ አዲስ ጌም ለመጻፍ ሲባል፣ ሌላ መንገድ በሌለበት፣ ነባሩን ፕሮግራም ፈትቶ ማጥናት የተፈቀደ ነው አለ። ያ የሐሰት ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ የሚወጣውም በሴጋ ንድፍ እንጂ በአኮሌድ ፍላጎት አይደለም አለ። ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። ሁለቱ ባለሙያዎች በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አድርገው ሁለት ጊዜ አለፉ። ከዚያስ? በ1993 አኮሌድ ከሴጋ ጋር ታርቆ በይፋ ፈቃድ ያለው አሳታሚ ሆነ። በፍርድ ያሸነፈ ሰው በኬላው በኩል ማለፍን መረጠ። የሕግ ድልና የገበያ ኑሮ ለየቅል መሆናቸውን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልችለው አንድ አስቂኝ ነገር አለ። በካሊፎርኒያ ከለር ድሪምስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ የኔንቴንዶን ቺፕ በኤሌክትሪክ ንዝረት ማደንዘዝ ቻለ። ጌሞቹን ግን ትልልቅ መደብሮች አልፈለጓቸውም፤ ኔንቴንዶን ማስቀየም ፈሩ። ኩባንያው መላ መታ። ዊዝደም ትሪ በሚል ስም በ1991 የመጽሐፍ ቅዱስ ጌሞችን መሥራት ጀመረ፤ የኖኅን መርከብ፣ ዳዊትና ጎልያድን የመሳሰሉትን። የሸጣቸውም በክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ነበር። እነዚያ መደብሮች የኔንቴንዶን ዕቃ ስለማይሸጡ የሚያስፈራቸው አልነበረም፤ ኔንቴንዶም ኖኅን ፍርድ ቤት አላቆመም። እንግዲህ በዚያ ማሽን ላይ ኮንትሮባንድ የሆነው ኖኅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው።

ትሪፕ ሆኪንስ የሚባል ሰው ነበር፤ የጌም አሳታሚው የኤሌክትሮኒክ አርትስ መሥራች። እሱም የሴጋን ማሽን አስፈትቶ፣ በ1990 ሴጋ ፊት ቀርቦ፣ ወይ በርካሽ ክፍያ ፈቃድ ስጡኝ ወይ ያለ ፈቃድ እሠራለሁ አለ። ሴጋ ተስማማ። ሆኪንስ ግን ለኬላ ያለው ጥላቻ አልበረደለትም፤ ክፍያው አነስተኛ የሆነ ማሽን እኔ ራሴ አመጣለሁ ብሎ ተነሣ። በ1993 ስሪዲኦ የተባለው ማሽን ወጣ። አሳታሚዎች የሚከፍሉት በአንድ ጌም ሦስት ዶላር ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ከሚያስከፍሉት ሲነጻጸር ምንም ማለት ነው። አሳታሚዎች ደስ አላቸው። ማሽኑን የሚያመርቱት ግን እንደ ፓናሶኒክ ያሉ ኩባንያዎች ነበሩ። ከጌም ሽያጩ እንደ ሴጋና ኔንቴንዶ ያለ ገቢ ስለሌላቸው ትርፋቸውን ከማሽኑ ላይ ማንሣት ነበረባቸው። ማሽኑ በ700 ዶላር ገደማ ገበያ ላይ ዋለ። ገዢ አጣ። ሶኒ በ1995 ፕሌይስቴሽንን በአሜሪካ በ299 ዶላር ሲያወጣ ነገሩ አለቀለት።

ይህ ሙከራ የመቆለፊያውን ምክንያት ከማንም በላይ አስረድቷል። ማሽኑን የሚሸጠው ኩባንያ በርካሽ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጠዋል፤ ኪሳራውን ከእያንዳንዱ ጌም በሚቆርጠው ድርሻ ያካክሳል። ድርሻውን መቁረጥ የሚችለው ደግሞ ሌላ መግቢያ ከሌለ ብቻ ነው። ሶኒ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ የውዱ ዓይነት 599 ዶላር ነበር፤ ማሽኑን የፈታቱ የገበያ ተንታኞች ግን የማምረቻ ወጪውን ከ800 ዶላር በላይ አድርገው ገመቱት። በ2021 በጌም ኩባንያው በኤፒክና በአፕል የፍርድ ቤት ክርክር ላይ የምስክርነት ቃል የሰጡ የኤክስቦክስ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ማይክሮሶፍት ከኤክስቦክስ ማሽን ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ በመሐላ ተናግረዋል።

ያ ፕሌይስቴሽን 3 ሌላ ትምህርትም ትቶልናል። መጀመሪያ ሲወጣ ባለቤቱ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጭኖ እንደ ኮምፒውተር እንዲጠቀምበት ሶኒ ፈቅዶ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል ይህን አይቶ ከ1,700 በላይ ፕሌይስቴሽኖችን አገናኝቶ አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ሠራ። ለሶኒ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በኪሳራ የተሸጠ ማሽን፣ አንድም ጌም የማይገዛ ደንበኛ! በ2010 ሶኒ በአንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ ያንን ፈቃድ አነሣው። የሰጠው ምክንያት ደኅንነት የሚል ነበር፤ አንድ ወጣት የማሽኑን መቆለፊያ በዚያ በኩል መስበር ጀምሮ ስለነበር ምክንያቱ ባዶ አልነበረም። ሰዎች ከፍለው የገዙት ነገር ግን ቤታቸው ተቀምጦ ሳለ ተወሰደባቸው፤ በኋላም በአሜሪካ በጋራ ክስ መሥርተው ሶኒን ካሣ አስከፍለዋል።

ሐቀኛ ለመሆን፣ ክርክሬን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። ኔንቴንዶ ብዙውን ጊዜ ማሽኖቹን በኪሳራ አይሸጥም፤ ከማሽኑም ከጌሙም ያተርፋል። መቆለፊያው ግን እንደ ሌሎቹ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ለማሽን ድጎማ ነው የሚለው ማብራሪያ መቆለፊያውን ሁልጊዜ አያጸድቀውም። ኬላ አንዴ ከቆመ መንገዱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላም አይነሣም።

ጥራትስ? ዛሬ ሦስቱም ኩባንያዎች ጌሞችን ከማውጣታቸው በፊት ይፈትሻሉ፤ ፍተሻው ማሽኑን የሚያቆም ስሕተት እንዳይኖር፣ የተጫዋቹ መረጃ እንዳይጠፋ ያደርጋል፤ ጠቃሚ ነው። ጌሙ ጥሩ ይሁን አይሁን ግን አይመለከተውም። በ2020 መጨረሻ የወጣው ሳይበርፐንክ 2077 ፍተሻውን አልፎ ነበር። ተጫዋቹ እጅ ሲገባ በስሕተት የተሞላ ሆኖ በመገኘቱ ሶኒ በሳምንት ውስጥ ከመደብሩ አንሥቶ ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ። በሌላ በኩል ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነው ኮምፒውተር ላይ ቆሻሻ ጌም እንደ ጉድ ይወጣል፤ ገበያው ግን እንደ 1983ቱ አልሞተም። ያኔ ገዢው ከሣጥኑ ሥዕል በቀር የሚያየው አልነበረም፤ አሁን ከመግዛቱ በፊት የሌሎችን አስተያየት ያነባል፣ ሲጫወቱት በቪዲዮ ያያል፣ ካልወደደውም ይመልሳል።

እኔን ከገንዘቡ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመናገር ጉዳይ ነው። በ1990 ማኒያክ ማንሽን የተባለው ጌም ወደ ኔንቴንዶ ማሽን ሲሻገር፣ ተቆጣጣሪዎቹ አንድ እርቃን ሐውልት እንዲነሣ አዘዙ፤ በማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ ሃምስተር የተባለች አይጥ መሰል እንስሳ የምትፈነዳበትን ክፍል ግን አላዩትም፤ ጌሙ ከወጣ በኋላ ነው የደረሱበት። በ1993 ሞርታል ኮምባት ሲወጣ ኔንቴንዶ ደሙን በላብ አስቀየረ፤ ሴጋ ደሙን በምስጢር ቁልፍ እንዲታይ ፈቀደ፤ የሴጋው ቅጂ በሽያጭ በለጠ። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛው ክፍል በኔንቴንዶ ማሽን ላይ ሲወጣ ደሙ ተመልሶ መጣ። መርሁ አንድ ዓመት ብቻ ነው የጸናው። ለልጆቻችን የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚለይ ሰው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያ ሰው ግን ከሽያጩ ድርሻ የሚቆርጠው ነጋዴ መሆን የለበትም።

እኛ ከዚህ ታሪክ ጋር የምንገናኘው በፕሌይስቴሽን ቤት በኩል ነው። በከተሞቻችን ወጣቱ በጨዋታ እየከፈለ ኳስ የሚጫወትባቸው ቤቶች በአንድ ዘመን የተሞሉት መቆለፊያቸው በተሰበረ ማሽኖችና በተቀዱ ዲስኮች ነበር። 60 ዶላር የሚያወጣ ዲስክ በየወሩ የሚገዛ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ማን ነበር? ዛሬም የሶኒ የኢንተርኔት መደብር ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባም፤ ተጫዋቹ የሌላ አገር ስም እየሞላ ነው የሚመዘገበው። የተሰበረው መቆለፊያ ተጫዋች አፈራልን እንጂ ሠሪ አላፈራልንም። ሠሪዎቻችን የተገኙት በስልክ ላይ ነው፤ ቅኔ ጌምስ የሠራው ኩኩሉ ለዚህ ምስክር ነው። ስልኩም ቢሆን ከኬላ ነፃ አይደለም። አፕል በ2008 የመተግበሪያ መደብሩን ሲከፍት ከሽያጭ 30 በመቶ መቁረጥ ጀመረ፤ ኤፒክ በ2020 ሲከሰው ከመልሶቹ አንዱ የጌም ማሽን ሠሪዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ የሚል ነበር። የኔንቴንዶ ቺፕ ልጅ ዛሬ በኪሳችን አለች።

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ኩባንያው በራሱ መደብር የሚሸጠውን የመምረጥ፣ ለመደብሩም ኪራይ የማስከፈል መብት አለው እላለሁ። ባለቤቱ በገዛው ማሽን ላይ የራሱን ፕሮግራም እንዳይጭን የመከልከል መብት ግን የለውም። ሁለቱን መለየት አይቻልም የሚሉ አሉ። ማይክሮሶፍት ከ2016 ጀምሮ ተራ ኤክስቦክስ የገዛ ሰው፣ ተመዝግቦ፣ ማሽኑን ወደ ጌም ሠሪዎች መደብ ቀይሮ የራሱን ፕሮግራም እንዲሞክርበት ፈቅዷል። በዚያ መደብ ላይ ሳለ ማሽኑ የገበያ ጌሞችን አይጫወትም፤ ስለዚህ የተሰረቀ የገበያ ጌም መጫወቻ አይሆንም። ኤክስቦክስ በዚህ የተነሣ አልከሰረም።

ሕግ አውጪዎችም ጥያቄውን ማንሣት ጀምረዋል። የአውሮፓ ኅብረት በዲጂታል ገበያዎች ሕግ ከ2024 ጀምሮ አፕልን በአይፎን ላይ ከራሱ ሌላ የመተግበሪያ መደብሮችን እንዲፈቅድ አስገድዶታል። ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስና ኔንቴንዶ ግን ሕጉ ከሚያስገድዳቸው ዝርዝር ውስጥ አልገቡም።